ቁጡው ሳላዲንና የከረሜላ ወረቀት

አያቴ መርፌና ክራቸውን፣ ካረጀ ልብስ ላይ የተነቀሉ ቁልፎችን፣ የእድር ደረሰኛቸውንና አንድ ጫፉ የተሰበረ መቀስ የሚያኖሩት በአንድ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነበር። ክዳኑ ላይ በአንድ ወቅት ሥዕል እንደነበረበት ያስታውቃል። ባርኔጣ ያደረገች ሴት ግማሽ ፊትና ከሥሯ ሦስት አራት የላቲን ፊደላት ብቻ ቀርተዋል፤ ሌላውን የእጅ ብዛት ፍቆታል። በልጅነታችን «እማማ፣ ይሄ ምን ነበረበት?» ብለን ስንጠይቃቸው፣ «ከረሜላ ነዋ፣ የጣልያን ከረሜላ!» ይሉናል። «ቀምሰውታል?» ስንላቸው ግን ወሬ ይቀይራሉ።

ከረሜላ የሚለው ቃላችን ራሱ ከጣልያንኛው «ካራሜላ» የመጣ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ማኪያቶውንና ፎርኖውን የጣልያን መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል፤ ከረሜላን ግን በልጅነት አፋችን ስለለመድነው ባዕድነቱ ተረስቶናል። መቼም ቃል እንደ ሰው ነው፤ ብዙ ከቆየ ዘመድ ይሆናል። ያም ሆኖ አመጣጡን ማወቅ አይከፋም።

አንባቢዬ በየቤቱ ያለውን ሰማያዊ የዴንማርክ ብስኩት ጣሳ ያስታውስ። ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣዋል፣ ብስኩቱ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ጣሳው ግን ሃያ ዓመት ይቀመጣል። ብስኩት አገኛለሁ ብሎ ክዳኑን የከፈተ ሕፃን ክርና መርፌ አግኝቶ ያልተናደደበት ቤት ያለ አይመስለኝም። የኔ ትውልድ ልጆችም ማስቲካውን የምንገዛው ለማኘክ ብቻ አልነበረም፤ በውስጡ ለምትገኘው የእግር ኳስ ተጫዋች ሥዕል ነበር። ጣዕሙ ሳያልቅ ማስቲካውን ተፍተን በሥዕሏ የተጣላንበትን ቀን አስታውሳለሁ። ስለዚህ ሰዎች ስለ ጣፋጭ ታሪክ ሲጽፉ ስለ ካካዎና ስለ ስኳር ብቻ ማውራታቸው ያስገርመኛል። ጣፋጩ ተበልቶ ያልቃል፤ ለታሪክ የሚተርፈው መጠቅለያው ነው።

መጠቅለያው በራሱ እንዲወደድ ማድረግ የተጀመረው በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካድበሪ በ1860ዎቹ (ይህና ከዚህ በታች ያሉት የአውሮፓ ዘመናት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የቸኮሌት ሣጥን ክዳን ላይ ሥዕል ያስለጥፍ ጀመር፤ አንዳንዱንም ራሱ ነበር የሚሥለው። ሣጥኑ ቸኮሌቱ ካለቀ በኋላ የደብዳቤና የጌጣጌጥ ማስቀመጫ ሆነ። ብልሃቱ ቀላል ነው፦ ሰው የማይጥለውን ነገር ከሰጡት፣ ማስታወቂያው በቤቱ መደርደሪያ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ይኖራል።

የካድበሪን ስም ካነሣሁ አይቀር ስለ አንዲት ጣሳ ልንገራችሁ፤ ለኋላው ነገር ትጠቅመኛለች። በ1899 እንግሊዝ በደቡብ አፍሪካ ከቦኤሮች ጋር ስትዋጋ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ለእያንዳንዱ ወታደር ለ1900 አዲስ ዓመት አንድ ጣሳ ቸኮሌት እንዲሰጠው አሰበች። በዚያን ዘመን የአገሪቱ ታላላቅ ቸኮሌት ሠሪዎች ካድበሪ፣ ፍራይና ራውንትሪ ነበሩ፤ የሦስቱም ባለቤቶች ኩዌከር የሚባሉት፣ ጦርነትን በሃይማኖታቸው የሚጸየፉ ክርስቲያኖች ናቸው። ንግሥትን እምቢ ማለት አይቻልም፤ ከጦርነት ማትረፍም ኃጢአት ነው። ስለዚህ ቸኮሌቱን ሠርተው ሰጡ፣ ጣሳው ላይ ግን ስማቸውን አላተሙም። ክዳኑ የንግሥቲቱን ምስልና ሰላምታ ብቻ ይዞ ሄደ። ብዙ ወታደሮች ቸኮሌቱን ሳይነኩ ጣሳውን ለቤተሰባቸው ላኩት። በ2021 ኖርፎክ ውስጥ ኦክስበርግ ሆል በሚባል አሮጌ መኖሪያ አንዱ ጣሳ ከነቸኮሌቱ ተገኝቷል፤ የተገኘውም በአንድ መኮንን የራስ ቁር ማስቀመጫ ውስጥ ነው። መቶ ሃያ ዓመት የቆየ ቸኮሌት! የሚደንቀኝ ግን ቸኮሌቱ አይደለም፤ ሳይታተም የቀረው የነጋዴ ስም ነው።

ወደ ጣልያን እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ አጭር የጋዜጠኞች ሥልጠና ቱሪን ከተማ የመሄድ ዕድል ገጥሞኝ ነበር። ቱሪን የመኪና ከተማ ናት ይባላል፤ እኔ ግን የቸኮሌት ከተማ ሆና ነው ያገኘኋት። ናፖሊዮን በ1806 የእንግሊዝን ንግድ ከአውሮፓ ምድር ባገደ ጊዜ ካካዎ ተወደደ፤ የፒየሞንቴ ቸኮሌት ሠሪዎችም ከአካባቢያቸው ኮረብታ የሚለቀመውን የሃዘል ለውዝ ፈጭተው ከካካዎ ጋር መደባለቁን ለመዱ። ከዚህ ልማድ በ1865 ጃንዱዮቶ የሚባለው፣ የተገለበጠ ጀልባ የሚመስለው፣ በወርቃማ ወረቀት የሚጠቀለለው ጣፋጭ ወጣ። ስሙን ያገኘው የካርኒቫል ቀልደኛ ከሆነው ከጃንዱያ ነው። ገና ከጅምሩ ጣፋጩን ከሕዝብ ቀልድ ጋር አጋብተውታል ማለት ነው።

ጋብቻውን ወደ ኢንዱስትሪነት ያሳደገው ግን በ1907 በፔሩጃ ከተማ የተቋቋመው የፔሩጂና ኩባንያ ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ ሉዊዛ ስፓኞሊ በ1922 የለውዝ ትርፍራፊ እንዳይባክን ብላ ከቸኮሌት ጋር አድቦልቡላ አንድ ሙሉ ለውዝ ከላይ ሰካችበት። ቅርጹ የተጨበጠ እጅ ስለሚመስል መጀመሪያ ያወጣችለት ስም «ቡጢ» ነበር አሉ። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ጆቫኒ ቡይቶኒ፣ ደንበኛ ሱቅ ገብቶ «እባክሽ ቡጢ ስጪኝ» ሊል ነው ወይ ብሎ ስሙን ባቺ፣ ማለትም «መሳም» አስባለው። ሠዓሊው ፌዴሪኮ ሴኔካ የፍራንቼስኮ ሃዬዝን የታወቀ የመሳም ሥዕል መነሻ አድርጎ፣ በሰማያዊ መደብ ላይ የሚሳሳሙ ጥንዶችን ሣለለት። ውስጡም የፍቅር ቃል የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ትገባለች። ያው ለውዝ፣ ያው ቸኮሌት፤ ስሙና ወረቀቱ ተለወጠና የአገር ጣፋጭ ሆነ።

ዋናው ታሪኬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በጥቅምት 1934 አንጄሎ ኒዛና ሪካርዶ ሞርቤሊ የሚባሉ ሁለት ደራሲዎች በጣልያን ራዲዮ «አራቱ ሙስኬተሮች» የተሰኘ የቀልድ ድራማ ጀመሩ። የአሌክሳንደር ዱማን የ1844 ልብ ወለድ ገለባብጠው፣ ሙስኬተሮቹን ከየዘመኑ ከተለቃቀሙ ሰዎች ጋር ያገናኟቸዋል፤ ዘመን ከዘመን ይደበላለቃል፣ ዘፈን አለ፣ ሳቅ አለ። ወጪውን የሚሸፍኑት የፔሩጂና ቸኮሌትና የቡይቶኒ ፓስታ ናቸው። አገሩ በሙሉ ራዲዮ ከብቦ ይሰማ ጀመር፤ ራዲዮ የሌለው ቡና ቤት ሄዶ ያዳምጣል።

ቀጥሎ ካርዶቹ መጡ። አንጄሎ ቢዮሌቶ የሚባል ሠዓሊ የድራማውን ገጸ ባሕርያት በአንድ መቶ ትንንሽ ባለ ቀለም ካርዶች ላይ ሣላቸው። ካርዶቹ ከቸኮሌቱና ከፓስታው ጋር ይሰጣሉ፤ ሰብሳቢው በአልበም ይለጥፋል። አንድ አልበም የሞላ አነስተኛ ሽልማት አለው። አንድ መቶ አምሳ አልበም የሞላ ደግሞ በ1936 ገና ከፋብሪካ የወጣችውን ትንሿን ፊያት ይሸለማል። ቶፖሊኖ የሚሏት ናት፤ አይጢቱ እንደማለት። የአዲስ አበባን ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሴይቼንቶን የሚያስታውስ ሰው የዚህችን መኪና ታናሽ እኅት ተሳፍሯል ማለት ይቻላል።

እስቲ ሒሳቡን እናስላው። አንድ መቶ አምሳ አልበም ማለት አሥራ አምስት ሺህ ካርድ ነው። አንድ ቤተሰብ ዕድሜውን ሙሉ ቸኮሌት ቢበላ አይደርስበትም። ስለዚህ ልውውጥ ተጀመረ፤ ልውውጡም ንግድ ሆነ። ካርዶች በአደባባይ እንደ አክሲዮን ዋጋ ወጣላቸው። ትልልቅ ሰዎች፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ ባለ ሱቆች ሳይቀሩ ገቡበት። ከካርዶቹ መካከል «ቆንጆዋ ሱላማጢስ» የምትባል አለች፤ የመኃልየ መኃልይዋ ሱላማጢስ ቸኮሌት ውስጥ ገብታ መገኘቷ ነው። ከሁሉ የበለጠ የጠፋው ግን «ቁጡው ሳላዲን» ነበር። አንድ አልበም ዘጠና ዘጠኝ ካርድ ሞልቶ ያለ ሳላዲን ዋጋ የለውም። ሳላዲን ለምን እንደጠፋ ሁለት ዓይነት ወሬ አለ፦ አንዱ ሠዓሊው ሥዕሉን አዘግይቶ በማስረከቡ ጥቂት ታተመ የሚል፣ ሌላው ሆን ተብሎ አነስ ተደርጎ ነው የሚል። እኔ የማዘነብለው ወደ ሁለተኛው ነው። ለነጋዴ የሚጠቅም ስሕተት ሲታረም ይዘገያል።

ሳላዲን ማለት በ1187 ኢየሩሳሌምን ከመስቀላውያን የወሰደው ሱልጣን ነው። በአውሮፓ ተረት አስፈሪ ሆኖ ይሣላል፤ የእኛ የኢየሩሳሌም መነኮሳት ትውፊት ግን ከዴር ሡልጣን ገዳም ጋር አያይዞ በበጎ ያነሣዋል። ደግሞ ታሪክ ቀልድ ያውቃል። የጣልያን ልጆች የሳላዲንን ካርድ ፍለጋ ቸኮሌት ቤት በሚያጨናንቁበት ዘመን፣ ሙሶሊኒ በመጋቢት 1937 ትሪፖሊ ላይ ፈረስ ላይ ተቀምጦ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለውን ሰይፍ ከፍ አድርጎ ፎቶግራፍ ተነሣ። ቢዮሌቶ ቢሥለው ከዚህ የተሻለ አይሥለውም ነበር።

በዚያው በ1937 መንግሥት ጣልቃ ገብቶ እንዲህ ያለውን የሽልማት ውድድር አስቆመ፤ ድራማውም በዚያ ዓመት አበቃ። ትኩሳቱ ሳይበርድ ግን ማሪዮ ቦናርድ «ቁጡው ሳላዲን» የሚል ፊልም አወጣ። አንጄሎ ሙስኮ የሚሠራው ገጸ ባሕርይ ዘመን ያለፈበት የመድረክ ተዋናይ ነው፤ ተመልካች ሲተወው እዚያው ቲያትር ቤት ውስጥ ከረሜላ አዟሪ ይሆናል። ኋላ እንደ ሳላዲን ለብሶ ሲወጣ ሕዝቡ ያብድለታል። ገና ወጣት የነበረችው አሊዳ ቫሊ አብራው ትሠራለች፤ በኋላ የጣልያን ኮሜዲ ንጉሥ የሆነው አልቤርቶ ሶርዲም የአንበሳ ቆዳ ለብሶ በትንሽ ክፍል ገብቷል። ቢዮሌቶ ከጦርነቱ በኋላ በ1949 መታተም በጀመረው «የቶፖሊኖ ሲኦል» በተባለው የሚኪ ማውስ ሥዕላዊ ታሪክ ታወቀ። ከአይጢቱ መኪና ወደ አይጡ መጽሐፍ መሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት በመጀመሪያ እየሳቅሁ ነበር። ሳቄን የቆረጠው የዘመን አቆጣጠር ነው። የቀናት ስሌት ለመድኩና የጣልያኑን ዓመት ሳይ እጄ ወደ እኛ ይመልሰዋል። ጥቅምት 1934 ድራማው ሲጀመር እኛ ዘንድ 1927 ዓ.ም. ገና መግባቱ ነው። ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ፣ ኅዳር 26 ቀን፣ ወልወል ላይ ተኩስ ተከፈተ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር መረብን ሲሻገር ሙስኬተሮቹ በራዲዮ ይዘፍኑ ነበር። በታኅሣሥ ወር ሮም ላይ ንግሥት ኤሌና የጋብቻ ቀለበቷን ለጦርነቱ አስረክባ የአገሪቱ ሴቶች ተከተሏት፤ በዚያው ወር ከአውሮፕላን የሰናፍጭ ጋዝ በሰሜን በኩል ባለው ሠራዊታችን ላይ መዝነብ ጀመረ። መጋቢት 22 ማይጨው፤ ሚያዝያ 27 ማርሻል ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ንግግር ሊያደርጉ ሲነሡ የጣልያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በከተማችን የሆነውን መድገም አያስፈልገኝም፤ ያ ቀን እ.ኤ.አ. የካቲት 19 ቀን 1937 ነው። ሳላዲን ገና ሲፈለግ ነበር።

የዓለም መንግሥታት ማኅበር ከኅዳር 1935 ጀምሮ በጣልያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል፣ ፋሽስቶቹ ሕዝባቸው ባለው እንዲብቃቃ ሰበኩት። በሻይ ፈንታ ከቅኝ ግዛት የሚመጣውን የከርከዴ አበባ ጠጡ ተባሉ። ካካዎ የውጭ ምንዛሪ የሚፈልግ ዕቃ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በእኛ ምክንያት ቸኮሌት ወደደ፣ በቸኮሌቱ ውስጥ ያለው ወረቀት ግን እኛን አስረሳ። አስረሳ ስል ማንም ተንኮል አስቦ አደረገው ማለቴ አይደለም። ኒዛና ሞርቤሊ ቀልደኞች ነበሩ፤ ቡይቶኒ ፓስታ መሸጥ ነበረበት። ዘጠኝ ዓመት የሞላው የቱሪን ልጅ ሳላዲንን ስለፈለገ አልወቅሰውም፤ እኔም በዕድሜው ብሆን እፈልገው ነበር። ሆኖም የሦስቱ ኩዌከሮች ስም አልባ ጣሳ በዚህ ጊዜ ነው ወደ ሐሳቤ የሚመለሰው። ጣፋጭ ሻጭም ቢሆን ከዘመኑ ጦርነት ጋር ምን እንደሚያገናኘው ቆም ብሎ ሊጠይቅ እንደሚችል ያሳያል፤ ምንም እንኳ መልሱ ስምን ከመደበቅ ያለፈ ባይሆን።

ቱሪን ውስጥ ባሎን የሚባል የአሮጌ ዕቃ ገበያ አለ፤ ለምናለሽ ተራ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ስዞር አንድ አዛውንት ወረቀታ ወረቀት ዘርግተው አገኘሁ፦ የድሮ የቸኮሌት መጠቅለያ፣ የሲኒማ ማስታወቂያ፣ ፖስት ካርድ። መሐል ላይ በመስታወት ክፈፍ ውስጥ አንድ ካርድ ለብቻው ተቀምጧል። ሥዕሉን በመጽሐፍ አይቼው ስለነበር ወዲያው ለየሁት። «ሳላዲን!» ስል ሰውዬው ደስ አላቸው። እኔ በቁርጥራጭ ጣልያንኛ፣ እሳቸው በቁርጥራጭ እንግሊዝኛ ተግባባን። «አባቴ ዘጠና ዘጠኙን ሞልተው ነበር» አሉኝ፤ «ሳላዲንን ሳያገኙ ሞቱ። እኔ ያገኘሁት እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው።» ዋጋውን ነገሩኝ። የሥልጠና አበሌ አይደርስም።

ከክፈፉ ጎን የፖስት ካርድ ቁልል ነበር። የላይኛውን አነሣሁት። በ1935 እና 36 ለጣልያን ወታደሮች ከታተሙት፣ ኤንሪኮ ዴ ሴታ ከሣላቸው የቀልድ ካርዶች አንዱ ነው። አንድ የጣልያን ወታደር የትንኝ መርጫ ፓምፕ ይዞ፣ በእግሩ ሥር ባሉ ትንንሽ ጥቋቁር ተዋጊዎች ላይ ይረጫል። ቀለሙ ደማቅ ነው፤ መሥመሩ ለስላሳ ነው፤ ከቸኮሌት ካርዶቹ ጋር በአንድ ዘመን እጅ፣ በአንድ ዘመን ፈገግታ የተሣለ ነው። ሣቁም ያው ነው። ልዩነቱ የሚረጨው ነገር በእውነት መረጨቱ ብቻ ነው። የጣልያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ ያመነው በ1996 ነው፤ ፖስት ካርዱ ግን ስድሳ ዓመት ቀድሞ ነግሮን ነበር።

«ከየት ነህ?» አሉኝ ሰውዬው። «ከኢትዮጵያ።»

ዝም አሉ። እጃቸውን ዘርግተው ካርዱን ከእጄ ተቀበሉኝና፣ ሊደብቁት ወደ ቁልሉ ሥር ወሰዱት። ከዚያ ምን እንዳሰቡ አላውቅም፣ መልሰው አወጡትና ከላይ አደረጉት። «ይህን የሚገዛ አለ?» አልኳቸው። «አለ» አሉ፤ «ከሳላዲን ይልቅ ይህ ቶሎ ይሸጣል።» ማን እንደሚገዛው አልጠየቅኋቸውም።

በዚያች ከተማ በ1884 ትልቅ አገር አቀፍ ኤግዚቢሽን ተደርጎ ነበር። ጣልያን አሰብን በመንግሥት ደረጃ የያዘችው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ ነው፤ ስለዚህ ከአሰብ ስድስት ሰዎች አምጥታ በቫለንቲኖ መናፈሻ ውስጥ ለተመልካች አሳየቻቸው። ዛሬም በፒየሞንቴ «አሳቤዚ»፣ ማለትም «የአሰብ ሰዎች» የሚባል ካካዎ የገባበት ጥቁር ብስኩት ይሸጣል። አንዱን ገዝቼ በላሁት፤ መጥፎ አይደለም። የሚያስከፋው የሰውን ስም በሻይ ነክሮ የመብላቱ ነገር ነው። በጥር 2021 ደግሞ አንድ የታወቀ የፓስታ ፋብሪካ «አቢሲኒ» የሚል የቅኝ ግዛት ዘመን ስም ላለው የፓስታ ቅርጽ፣ ያንን ዘመን የሚያሞግስ መግለጫ አውጥቶ ተገኘ። ጩኸት ተነሣ፤ ፋብሪካው ይቅርታ ጠየቀ፣ ስሙንም ለወጠ። ብዙ ሰው ያኔ ነው ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ያሰበው። ከሰማንያ ዓመት በላይ ሲቀቀል ኖሮ!

ይህ የጣልያን ብቻ ኃጢአት አይደለም። ፈረንሳይ ከ1915 ጀምሮ የባናንያ የቸኮሌት መጠጥ ጣሳ ላይ የሚስቅ የሴኔጋል ወታደር ሣለች፤ ሴንጎር በግጥሙ ተቆጥቶበታል። የጀርመኑ ሳሮቲ ጥቁር አሽከር እስከ 2004 ድረስ ቸኮሌት ሲያቀርብ ኖሮ ወርቃማ ቀለም ያለው ጠንቋይ ሆነ። ካካዎው የበቀለበት አገር ሰው በወረቀቱ ላይ እንጂ በትርፉ ላይ አልነበረም። ስለ እነዚህ ብዙ ተጽፏል፤ አልደግመውም። እኔን የያዘኝ አፍ አውጥቶ የሚሰድበው ወረቀት ሳይሆን፣ ስለ እኛ ምንም ያላለው፣ ሳላዲንና ሱላማጢስን ብቻ የያዘው ወረቀት ነው። ልጆቹን በዚያ ሁሉ ዓመት ሥራ አስፈትቷቸዋል።

ከቱሪን ስመለስ አያቴ በሕይወት ነበሩ። በዚያው ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ፣ በስልኬ ያነሣሁትን የካርዶቹን ፎቶግራፍ አሳየኋቸውና ነገሩን እንደ ተረት አድርጌ ነገርኳቸው። ስለ ፖስት ካርዱ አልነገርኳቸውም። ረጋ ብለው አዳመጡና፣ ስንት ዓመት ስንጠይቃቸው የሸሹትን ጥያቄ ሳልጠይቃቸው መለሱልኝ።

ጣልያን በገባ በዓመቱ ግድም ነው። አራት ኪሎ አጠገብ ይኖሩ ነበር። አባታቸው ከማይጨው የተመለሱት ጀርባቸውና ክንዳቸው ተልጦ ነው፤ ልብስ አያስነካም ነበር። አንድ ቀን በካሚዮን የሚያልፉ ወታደሮች ለመንገድ ልጆች ከረሜላ ወረወሩ። አያቴ አንድ አገኙ። ገና ወረቀቱን ፈትተው ወደ አፋቸው ሊያደርሱ ሲሉ እናታቸው ደረሱና እጃቸውን መቱት፤ ከረሜላውን አንሥተው እሳት ውስጥ ጨመሩት። «መርዝ ነው! የአባትሽን ገላ አላየሽም?» አሏቸው።

«ወረቀቱ ግን በእጄ ቀርቶ ነበር» አሉኝ አያቴ። «ቀይ ነው፣ ዳርዳሩ ወርቅ። በጥፍሬ ደልድዬ አለሳለስኩትና የምደብቅበት ባጣ አባቴ ዳዊት ውስጥ ከተትኩት። ሕፃን አይደለሁ!»

«አገኙት?»

«በማግሥቱ። ዳዊት ሊደግሙ ሲገልጡ ወደቀ። አንሥተው አዩት፤ እኔንም አዩኝ። እንዲህ ብለው ምንም አላሉኝ። ያቆሙበት ገጽ ላይ ምልክት አደረጉት። እስኪሞቱ እዚያው ነበር።»

«ሣጥኑስ?»

«ሣጥኑማ ጣልያን ሲወጣ ባዶውን ነው የተገኘው።»

«ታዲያ ከረሜላ መቼ ቀመሱ?» አልኳቸው።

«ከነጻነት በኋላ፣ አረብ ቤት» አሉኝ። «ወረቀት አልነበረውም።»